ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ፦ የአንድ ውድ ስልክ ካሜራ ፍተሻ በሰሜን ሸዋ

ከመጀመሬ በፊት

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ፎቶ ቤት ሁለተኛው ካሜራችን አርጅቷል። ሠርግ መሃል ሹተሩ ድርቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። ወይ ሌላ ካሜራ ከነሌንሱ መግዛት፣ ወይ በዚያው ገንዘብ የዘመኑ ምርጥ የሚባል ስልክ መግዛት። የፎቶ ቤቱ ባለቤት "ስልክ ለወሬ ነው" ይላሉ። አብሮን የሚሠራው ወጣት ደግሞ "አሁን ሁሉም በስልክ ነው የሚቀርጸው፣ ጋሼ" እያለ ይሟገታቸዋል። ክርክሩ በወሬ የሚያልቅ አልሆነም። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዴ ስልኩን ስላዋሰኝ፣ ሥራ በሚያደርሰን ቦታ ሁሉ ይዤው እዞራለሁ። ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

የስልኩን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስም ከተጠራ ነገሩ የብራንድ ደጋፊዎች ክርክር ይሆንና ፎቶው ይረሳል። ማወቅ የሚጠቅመው ውስጡ ነው። ዋናው ካሜራ 200 ሜጋፒክስል ነው፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 1.7 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ከሱ ሌላ 3 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 10 ሜጋፒክስል፣ 5 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 50 ሜጋፒክስል፣ እና አንድ በጣም ሰፊ እይታ ያለው ካሜራ አለው። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው።

መለኪያዬን አስቀድሜ ልናገር። የስልክ ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ ሜጋፒክስልና ስለ ዙም ነው። የእኛ ደንበኛ ግን አልበሙን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ፊት ነው። የእናቱን ፊት፣ የሙሽራዋን ፊት። እዚህ አገር ደግሞ ያ ፊት ብዙውን ጊዜ ጠይም ነው፣ በነጭ ልብስ የተከበበ ነው፣ ከላይ የደጋ ፀሐይ አለበት። ይህን ያለፈ ካሜራ ሌላውን ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ይህን ያላለፈ ግን ጨረቃን ቢያቀርብልኝም ለሥራዬ አይሆነኝም።

ኅዳር ሚካኤል፣ ረፋድ ላይ

ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነጭ በነጭ ነው። ለካሜራ ከዚህ የከበደ ፈተና አላውቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ ጥላው ደግሞ ይከብዳል። ነጠላ የተከናነበች ሴት ፊቷ ጥላ ውስጥ ነው፤ የነጠላዋ ጫፍ ግን ፀሐይ ላይ ነው። ካሜራው ለነጠላው ካደላ ፊቷ ይጠቁራል። ለፊቷ ካደላ ነጠላው ይቃጠላል፤ ሽመናውም ጥለቱም ይጠፋል።

ዋናው ካሜራ እዚህ ላይ አስደስቶኛል። ስልኩ አንድ ጊዜ ስትጫኑት አንድ ፎቶ ብቻ አያነሳም። በተለያየ የብርሃን መጠን ብዙ ፍሬሞችን በፍጥነት ያነሳና ያዋህዳቸዋል። ኤችዲአር የሚባለው ይኸው ነው። ውጤቱን ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳየው የነጠላው ክር ይታያል፤ ፊቱም ዝርዝሩን አላጣም። በእኛ አሮጌ ካሜራ ይህን ለማግኘት ጥሬ ፋይል (ካሜራው ያላስተካከለውን ምስል) አንስቼ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ነበረብኝ።

ግን በራሱ ሲተው ፊቱን ከልኩ በላይ ያበራዋል። ጠይሙ ሰው የቀይ ዳማ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፊቱን በጣት ነካ አድርጎ ፎከስ ማድረግ፣ ከዚያ የብርሃኑን መቆጣጠሪያ ትንሽ ወደ ታች መሳብ። ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል ይበቃል (አንድ ስቶፕ ማውረድ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። ጠይምነቱም ይመለሳል፣ ነጠላውም ይድናል።

አንዲት ባልቴት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውና አገጫቸው ላይ የጥንት ንቅሳት አለ።

"እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?"

"ምን ልታደርግበት ነው ልጄ?"

"ስልኩን እየሞከርኩ ነው። አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ።"

"እንግዲያ ነጠላዬን ላስተካክል" አሉና ተዘጋጁ።

መጀመሪያ ፖርትሬት በሚባለው፣ ጀርባውን በሚያደበዝዘው መንገድ አነሳኋቸው። ፎቶው ሲወጣ ንቅሳታቸው ደብዝዟል። የዓይናቸው ዙሪያ ሽብሽብታ ጠፍቷል። ስልኩ ሳይጠየቅ ቆዳ "አሳምሯል"። ይህ ቅንብር ከፋብሪካው ሲመጣ በርቶ ነው የሚመጣው። ገብቼ ወደ ዜሮ አወረድኩትና እንደገና አነሳኋቸው። አሁን ንቅሳቱ ከነሰማያዊነቱ መጣ። እኚህ ሴት ያንን ንቅሳት በልጅነታቸው ሕመሙን ችለው የተነቀሱት ነው። አንድ ፕሮግራም እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊያጠፋው መብት የለውም። እንዲህ ያለ ስልክ ለሥራ የሚገዛ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ይህን ማጥፋት መሆን አለበት እላለሁ።

ነገሩ ሥር ያለው ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ማጠቢያ ቤቱ የሷ ቆዳ ልክ እስኪመጣ ቀለሙን ያስተካክላል። ጥቁር ሰው በዚያ ሚዛን ሲታተም ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ይቀራል። ዲጂታሉም ብዙ ዘመን ያንን ልማድ ይዞ ነው የመጣው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ጋር "ሪል ቶን" ያለውን ሥራ ሲያወጣ ሐሳቡ ጠቆር ያለ ቆዳን በልኩ ማሳየት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ስለ ቆዳ ቀለም ማውራት ጀምረዋል። እኔ ግን ማስታወቂያቸውን ትቼ እማማን ነው ያየሁት። ዋናው ካሜራ በተራ የፎቶ መንገድ፣ ማሳመሪያው ጠፍቶ፣ ብርሃኑ ትንሽ ወርዶ ሲያነሳቸው እሳቸውን ነው ያወጣው።

ፖርትሬቱ ሌላም ጣጣ አለው። ጀርባውን የሚያደበዝዘው ሌንሱ ሳይሆን ስሌት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 ፕላስ ካስተዋወቀው ወዲህ የሁሉም ስልክ አሠራር ተመሳሳይ ነው። ስልኩ ሰውየው የት እንደሚያልቅ ይገምትና የቀረውን ያደበዝዛል። ግምቱ በሹሩባና በነጠላ ዘርፍ ላይ ይስታል። የዘርፉ ክሮች ግማሹ ጥርት፣ ግማሹ ጭጋግ ይሆናሉ። በስክሪን አይታወቅም። አልበም ላይ ግን ይታወቃል። ሰው ሆይ፣ 3 እጥፉን ተጠቀምና ሰውየውን ከግድግዳው ራቅ አድርገህ አቁመው፤ ይበቃል።

አመሻሹ ላይ ካህናቱ መቋሚያቸውን እያነሱ ሲያሸበሽቡ ሌላ ችግር አየሁ። ፍሬሞቹ ሲዋሃዱ የሚንቀሳቀሰው መቋሚያ አንዳንዴ ጥላው አብሮት ይወጣል፤ አንዱ መቋሚያ ሁለት ይሆናል። ሁሉንም በእጅ በሚያስተካክሉበት በፕሮ መንገድ ገብቼ ሹተሩን 1/500 ሰከንድ ላይ ሳቆመው ጠፋ። ፕሮ ላይ ግን ኤችዲአሩ ስለሚቀንስ ነጠላው እንደገና መቃጠል ጀመረ። አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣል። እዚህ ላይ ትልቁ ካሜራ ያለ ክርክር ይበልጣል።

አንድ የቆየ ዘዴ ልጨምር። ረፋድ ላይ ፀሐይዋን ከሰውየው ጀርባ አድርጉና ፊት ለፊቱ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው አቁሙ። ጋቢው ብርሃኑን ፊት ላይ ይመልሳል። የጥላው ክብደት ይቀንሳል። ማንኛውም ካሜራ ከዚያ በኋላ ሥራው ይቀልለታል።

ማለዳ፣ ውርጭ

ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ባትሪው ከቤት ስወጣ ከነበረው በፍጥነት ወረደ። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ውስጣዊ ተቃውሞ ስለሚጨምር ያለውን ኃይል እንኳ ማውጣት ይቸግረዋል። ጉዳቱ ጊዜያዊ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስልኩን በካፖርቱ ውስጠኛ ኪስ ይዤ ስሄድ ችግሩ ቀነሰ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ፓወር ባንክ ይዛችሁ ማለዳ የምትወጡ ይህን አስቡበት።

የጎረቤት ቤት፣ ቡና ሲፈላ

ሁለተኛው ትልቅ ፈተና ጨለማ ቤት ነው። አንድ በር፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ የከሰል ፍም፣ የዕጣን ጭስ። እትዬ ቡናውን እየቆሉ ነበር። እንግዳ ስለሆንኩ ሳይሆን ስልኩ ስላስገረማቸው "ይኼ ሁሉ ዓይን ምን ያደርግለታል?" አሉኝ፤ የኋላውን ሌንሶች እያዩ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራው አንዱ ዓይን ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የዋናው ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) 200 ሚሊዮን ትናንሽ ፒክስሎች አሉት። ስልኩ ግን በተለመደው መንገድ የሚያወጣው 12 ሜጋፒክስል ነው። ልክ እንደ እቁብ ነው፤ 16 ትናንሽ ፒክስሎች የያዙትን ብርሃን ያዋጣሉ፣ አንድ ትልቅ ፒክስል ይወስዳል። በጨለማ ውስጥ የሚያድነው ይኸ ነው። ባለ 5 እጥፉ ግን ቀዳዳው ኤፍ 3.4 ነው። ከኤፍ 1.7 ጋር ሲተያይ የሚገባው ብርሃን ሩብ ነው። ሴንሰሩም ያንሳል።

ስልኩ ይህን ስለሚያውቅ ያታልላል ማለት ይቻላል። ብርሃን ሲያንስ 5 እጥፍ ላይ ብትጫኑም በዝምታ ወደ ዋናው ካሜራ ይመለስና መሃሉን ቆርጦ ያሳድገዋል። ማረጋገጥ የሚፈልግ የ5 እጥፉን ሌንስ በጣቱ ይሸፍን። ስክሪኑ ካልጨለመ በዚያ ሌንስ እየተነሳ አይደለም። እትዬ ቤት ሸፈንኩት፤ ስክሪኑ ምንም አልሆነም።

የሌሊት መንገድ የሚባለውን ሞከርኩ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 "ናይት ሳይት"ን ካወጣ ወዲህ ሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ነገር አለው፤ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ፍሬም እየሰበሰበ ያዋህዳል። ግድግዳው፣ ረከቦቱ፣ ጀበናው በሚያስገርም ጥራት ወጣ። የእትዬ እጅ ግን ምጣዱን እያመሰ ስለነበር ጭስ መሰለ። ፊታቸውን ቀና ሲያደርጉም ደበዘዘ። ለዕቃ አሪፍ ነው፤ ለሚሠራ ሰው አይሆንም።

የበለጠ የከነከነኝ ቀለሙ ነው። ፍሙ ፊታቸው ላይ የጣለው ቀይ ብርሃን ነበር የዚያ ሰዓት ውበት። ስልኩ "ነጩ ነጭ መሆን አለበት" ብሎ ቀዩን አወጣው። ጎጆው በቢሮ መብራት የበራ መሰለ። የቀለሙን ሙቀት በእጅ ቆልፌ፣ የሌሊቱን መንገድ አጥፍቼ፣ እትዬን "እባክዎ ወደ በሩ ትንሽ ይዙሩልኝ" ብዬ፣ 1/60 ላይ አነሳሁ። ትንሽ ኖይዝ (እንደ አሸዋ የተበተነ ነጠብጣብ) አለው። ግን ቤቱ ጨለማ ነው፣ ፍሙ ቀይ ነው፣ ፊታቸው የሳቸው ነው። ይህ ፎቶ ከሌሊቱ ፎቶ ይበልጥብኛል።

የሠርግ አዳራሽ

እዚህ አጭር እሆናለሁ፤ ግን ቪዲዮ የሚቀርጽ ሁሉ ይህን ይያዝ። የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖልና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ያየዋል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች እየተንከባለሉ ይወርዳሉ። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ቆልፉት። መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም ቢሆንም እንኳ።

እስክስታው ሲጋል ግን 1/100 ትከሻ አያስቆምም። ለፎቶ ያኔ ፍላሽ ያለው ካሜራ ያስፈልጋል። የስልኩ ፍላሽ ለዕቃ መፈለጊያ ነው።

ከዚህ ውጪ በቪዲዮው ረክቻለሁ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከሰው መሃል እየተራመድኩ የቀረጽኩት አልተንቀጠቀጠም። የማረጋጊያው ሥራ በእውነት ጥሩ ነው። ትልቁ ካሜራ እንዲህ ለመሥራት ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ያንን ይዞ ደግሞ በእናቶች መሃል ማለፍ አይቻልም።

ጣርማበር

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ጣርማበር ላይ ጉም ተቀበለን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አፉ ብቻ ይታያል። ከባድ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ፎቶ አለማንሳት ይከብዳል።

ስልኩ ጉም አይወድም። ጉም ማለት ልዩነት የሌለው ግራጫ ነው፤ የስልኩ ስሌት ደግሞ ልዩነትን ለማጉላት የተሠራ ነው። በተራው መንገድ ሳነሳ ጉሙን ሰነጣጠቀው። ገደሉ ጠቆረ፣ ሣሩ ያለ ልኩ አረንጓዴ ሆነ። በጥሬ ፋይል አንስቼ ማታ ስሠራው ግን ጉሙ ለስላሳ ሆኖ ተመለሰ። ሴንሰሩ ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ከሱ በኋላ የሚመጣው ነው።

የመኪናዎቹ መብራት ፎቶው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣለ። በትንንሽ ሌንሶች መካከል ብርሃን ሲንጸባረቅ የሚመጣ ነው፤ ስልኩን ትንሽ ዘንበል ማድረግ ነጠብጣቡን ከፊት ወደ ጨለማው ያሸሸዋል። ሌንሱንም በየደቂቃው ጥረጉ። ጉም ውሃ ነው።

ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ ወደ መስኮቱ መጡ። አንዷን ልጅ አስፈቅጄ፣ ቆሎ ገዝቼ፣ በ3 እጥፉ አነሳኋት። ደመናማ ብርሃን፣ ቀረብ ያለ ፊት፣ ፈገግታ። ምንም ማስተካከል አላስፈለገውም። ደመናማ ቀን ላይ ይህ ስልክና የእኛ ትልቅ ካሜራ በፊት ፎቶ ብዙ አይራራቁም።

መንዝ

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ጊዜ ወደ መሐል ሜዳ ወጣን። ገበያው ላይ የተገላቢጦሽ ፈተና ገጠመኝ። የመንዝ በርኖስ ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራ ነው። ጥቁር በርኖስ፣ ጠይም ፊት። ካሜራው ሁሉም ነገር ጨለመ ብሎ ስለሚያስብ ያበራዋል። በርኖሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ሰማዩ ይቃጠላል። አንድ ስቶፕ ያህል ወደ ታች ሳወርደው የጠጉሩ ሽመናም ተለየ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆነ። አባባን ስክሪኑን አሳየኋቸው። "በርኖሴ ነው" አሉ። ለእኔ ምስክርነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ጓሳ። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሣራማ ደጋ ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ራሱ ደንብ አውጥቶ ሲጠብቀው ኖሯል። ጅብራው በየኮረብታው ቆሟል። ጭላዳዎቹ ማለዳ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ዙም የሚፈተነው እዚህ ነው።

5 እጥፉ በጠራ ፀሐይ ድንቅ ነው። ሌንሱ ስልኩ ውስጥ በጎኑ የተኛ ነው፤ ብርሃኑ በፕሪዝም ተጠምዝዞ ይገባል። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2019 በፒ30 ፕሮ ይህንን አሠራር ካስለመደ ወዲህ ቀጭን ስልክ ረጅም ሌንስ መያዝ ቻለ። የወንዱ ጭላዳ ጋማ በነፋስ ሲበተን ክር በክር ይታያል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ቀለሙን ጠብቆ ወጣ። 10 እጥፍ ላይ ስልኩ የዚያኑ ሴንሰር መሃል ቆርጦ ይጠቀማል። ሴንሰሩ 50 ሜጋፒክስል ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላም 12 ይተርፈዋል። እሱም ይሠራል። ሰፊው ሌንስ ደግሞ ገደሉን ከነሰማዩ ለመያዝ ብቻ ይሁን፤ ሰውን ከጠርዙ ካቆማችሁት ራሱን ይለጥጠዋል።

ከ10 በላይ ግን ፎቶ መሆኑ እየቀረ ይሄዳል። 30 እጥፍ ላይ የጭላዳው ጠጉር ጠጉር አይደለም፤ ስልኩ "እዚህ ጠጉር ሊኖር ይገባል" ብሎ የሣለው ነው። ከሩቅ ጥርት ያለ ይመስላል። ሲጎላ የተቀባ ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል አይጥ እያደነ ሲያልፍ አየን፤ ጓሳ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በ30 እጥፍ የወጣው ምስል ቀበሮ መሆኑን ያስረዳል እንጂ ቀበሮውን አያሳይም። የእኛ አሮጌ ካሜራ ከረጅም ሌንሱ ጋር የጆሮውን ጠጉር ሳይቀር አወጣው። አብሮኝ የመጣው ወጣት ሁለቱን ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ማታ ሞቅ ያለ ቤት ስንገባ ሌንሱ በላብ ተሸፈነ። ስልኩን ከቦርሳ ሳታወጡ ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

ፎቶ ቤት፣ ኅትመት

ሁሉንም በወረቀት አወጣን። ስክሪኑ ብሩህ ስለሆነ ሁሉንም ፎቶ ያሳምራል። ወረቀት ግን ያለውን ነው የሚያሳይ።

መጀመሪያ የሜጋፒክስሉን ነገር ዘጋን። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ 4,000 በ3,000 ፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 34 በ25 ሴንቲሜትር ግድም ይሞላል። አብዛኛው አልበማችን ከዚህ አይበልጥም። 200 ሜጋፒክስሉ ፋይሉ ከባድ ነው፣ ሲያነሳ ይዘገያል፣ በጥላ ውስጥ ደግሞ ኖይዝ ይበዛዋል። ፒክስሎቹ ስለማያዋጡ ነው። ለትልቅ ባነር፣ በጠራ ፀሐይ፣ ለማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ፊቶቹን የየትኛው ካሜራ እንደሆኑ ሳንነግራቸው እንዲያዩ አደረግን። ከደመና በታች የተነሱትን መለየት አቃታቸው። ኅዳር ሚካኤል የተነሱትን "ይኼኛው የስልኩ ነው" ብለው ያወቁት በነጠላ ዘርፉ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ የተነሳውን የእትዬን ፎቶ ግን የትልቁ ካሜራ ነው አሉ። የስልኩ ነበር። ያቺ ኖይዝ ያላት፣ ፍሙ ቀይ የሆነባት።

ለደንበኛ መላክ ላይ አንድ ነገር። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ይጨምቀዋል። "ፋይል" ብላችሁ ላኩ። አለበለዚያ ይህ ሁሉ ድካም መንገድ ላይ ይቀራል።

የእማማን ፎቶ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ንቅሳታቸውን በጣታቸው ተከትለው "እነሆ" አሉና ለልጅ ልጃቸው አሳዩ።

ውሳኔ

ስልኩ ትልቁን ካሜራ አይተካም። ማኅሌት፣ እስክስታ፣ ሩቅ ያለ እንስሳ፣ አዳራሽ ውስጥ ፍላሽ፤ በእነዚህ ላይ ገና ነው። ምክንያቱ ብልጠት አይደለም። የስልኩ ዋና ሴንሰር ወደ 10 በ7 ሚሊሜትር ነው፤ የሙሉ ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ነው። በስፋት ሲሰላ 12 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ያንን ልዩነት ስሌት ያጠበዋል እንጂ አይዘጋውም።

ለሁለተኛ ካሜራነት ግን በደንብ ይሆናል። ለሙሽሮች ጉዞ ቪዲዮ፣ ደመናማ ቀን ላለ ፊት፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ላለ ክርስትና። የምንፈልገው ፊት ሁሉ የመጣው ከዋናው ካሜራና ከ3 እጥፉ ነው። ውዱ ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ በአብዛኛው ለአዲስነቱ፣ ለ30 እጥፉና በጣም ትልቅ ለሆነው ማከማቻ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን አንገዛም። የዚያኑ ዓይነት ዋና ካሜራ ያለውን ያለፈውን ሞዴል ያገለገለ እንገዛለን። በተረፈው ገንዘብ ለትልቁ ካሜራ ኤፍ 1.8 የሆነ 85 ሚሊሜትር ሌንስ እንጨምራለን። ባለቤቱ በዚህ ተስማሙ። ወጣቱ ቅር ቢለውም ሌንሱ የሱ እንደሚሆን ሲሰማ ዝም አለ።

ያገለገለውን ስናይ የምንፈትሸው ተጽፏል። የባትሪውን ጤንነት ከቅንብሩ ውስጥ ማየት። እያንዳንዱን ሌንስ በተራ በጣት እየሸፈኑ ሁሉም በየፊናው እንደሚሠራ ማረጋገጥ። ነጭ ግድግዳ አንስቶ በሌንሱ ውስጥ አቧራ እንደሌለ ማየት። ቪዲዮ እየቀረጹ ተራምዶ ማረጋጊያው እንደማይንቀጠቀጥ መፈተን። ከዚያ ዋጋ መከራከር። ለዚህኛው ሥራ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው አዲስ አበባ ይሄዳሉ።